አንበጣ፣ ፌንጣና ደገዛ፦ ከቀለም በፊት አካልን መመርመር

የተከበራችሁ የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የሥነ ሕይወት መምህራንና ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ጠባብ ነው። በኋላ እግሩ ተስፈንጥሮ የሚዘል አንድ ነፍሳት ከማሳ ዳር፣ ከሣር መካከል ወይም ከቤት ጥግ ሲያዝ ምንነቱን በምን እናውቃለን የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጠባብ ቢሆንም መልሱ ብዙ ነገር ይወስናል። «አንበጣ ገባ» ተብሎ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል የሚተላለፍ አንድ ሪፖርት የአሰሳ ቡድን ያንቀሳቅሳል፣ ኬሚካል ያስጭናል፣ አንዳንዴም አውሮፕላን ያስነሣል። የተያዘው ነፍሳት አንበጣ ካልነበረ ይህ ሁሉ ድካም ያለ ቦታው ይውላል። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ ይብሳል፤ እውነተኛው የበረሃ አንበጣ በቁጥር ጥቂት፣ በቀለሙም አመድማ ሆኖ በቆላ ሣር ውስጥ ሲገኝ «ተራ ፌንጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ከጥቂት ወራት ዝናብ በኋላ ግን መንጋ ሆኖ ይነሣል።

ስለዚህ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። እነዚህን ነፍሳት በቀለምና በመጠን መለየት አይቻልም፤ የሚለዩት በአካላቸው አሠራር ነው። አካሉን ለማየትም ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ይበቃሉ።

በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የዚህ ወገን ዝርያዎች ከ28,000 በላይ ናቸው፤ ሳይንሱ በአንድነት ኦርቶፕቴራ ይላቸዋል። ይህ ሁሉ ብዛት በሁለት ትላልቅ ጎራዎች ይከፈላል። አንደኛው ባለ አጭር አንቴናው ወገን ሲሆን ፌንጣዎችና አንበጦች በሙሉ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለተኛው ባለ ረጅም አንቴናው ወገን ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ማታ ማታ ሲጮሁ የምንሰማቸው ክሪኬቶችና፣ በሌላው ዓለም ካቲዲድ ወይም የቁጥቋጦ ክሪኬት የሚባሉት፣ በእኛም አገር የወሎ ገበሬ ደገዛ ብሎ የሚጠራው የጤፍ ጠላት የሚመደብባቸው ነፍሳት ይገኛሉ። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ፌንጣ እንላለን፤ ለዕለት ንግግር ይበቃል፤ ለሪፖርት ግን አይበቃም።

በቅድሚያ ቀለም ለምን እንደሚያታልል ላስረዳ፤ ምክንያቱም በመስክ ላይ የምሰማው የመጀመሪያ መግለጫ ሁልጊዜ «አረንጓዴ ነው»፣ «ቢጫ ነው» የሚል ነው። የበረሃ አንበጣን እንውሰድ። ለብቻው ያደገ ኩብኩባ፣ ማለትም ገና ክንፍ አውጥቶ ያልበረረ የአንበጣ ልጅ፣ አረንጓዴ ነው፤ በሣርና በቅጠል መካከል ለማየትም ያስቸግራል። ይኸው ዝርያ ተጨናንቆ ሲያድግ ኩብኩባው መጀመሪያ ጥቁር ይሆናል፤ ቅርፊቱን እየለወጠ ሲያድግ ደግሞ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ዝንጉርጉር ያወጣል። ክንፍ አውጥቶ መብረር ሲጀምር፣ ገና ለእንቁላል ሳይደርስ፣ መንጋው ወደ ሮዝ ያደላ ቀለም ይኖረዋል፤ ለመራባት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ለብቻው የኖረው ጎልማሳ ግን ቡናማ ወይም አመድማ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው እነዚህን ስድስት መልኮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ቢያይ ስድስት ዝርያ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። የሳይንስ ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያስቡ ነበር። የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 ፈላሽ አንበጣ በተባለው ሌላ አንበጣ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይባሉ የነበሩት አንድ ነፍሳት በሁለት የኑሮ ዘይቤ መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ ይህ ጉዳይ አልጠራም ነበር።

ለውጡ የሚመጣበት መንገድ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ድርቅ ሲጀምርና ለምለሙ ቦታ ሲጠብ አንበጦቹ በቀረችው ትንሽ አረንጓዴ ላይ ይሰባሰባሉ፤ እየተጋፉ ሲበሉም የኋላ ጭናቸው ደጋግሞ ይነካካል። ይህ መነካካት ብቻውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጸባያቸውን እንደሚለውጥ፣ ብቸኝነትን ይወድ የነበረው ነፍሳት ወደ ጓደኞቹ መቅረብ እንደሚጀምር በቤተ ሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ደግሞ በዚህ ለውጥ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ ኬሚካል ዋና ሚና እንዳለው አሳይቷል። ልብ በሉ፣ ጸባዩ የሚለወጠው በሰዓታት ሲሆን ቀለሙ ግን ቀስ ብሎ፣ ቅርፊት በመለወጥ ነው የሚከተለው። ቀለሙ እስኪለወጥ የሚጠብቅ ሰው እንግዲህ ዘግይቷል።

አሁን ወደ አካሉ እንግባ። መጀመሪያ የሚታየው አንቴናው ነው። ከራሱ ወደ ፊት የወጡት ሁለቱ አንቴናዎች ከአካሉ ቁመት ያጠሩ፣ ወፈር ያሉና አንጓቸው በመነጽር የሚቆጠር ከሆነ ነፍሳቱ ከፌንጣና ከአንበጣ ጎራ ነው፤ የአንጓዎቹ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አይበልጥም። አንቴናዎቹ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ወደ ኋላ ሲታጠፉ ከሆዱ ጫፍ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ነፍሳቱ ከክሪኬትና ከደገዛ ጎራ ነው። ይህ ምልክት በአብዛኛው ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ረጅም አንቴና በቀላሉ ይሰበራል፤ በወፍ የተነከሰ ወይም ከመረብ ጋር የታገለ ነፍሳት አጭር አንቴና ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ጫፉ የተቆረጠ መሆኑን በመነጽር አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ በረጅሙ ወገን ውስጥ ሆኖ አንቴናው አጭር የሆነ አንድ እንግዳ አለ፤ እርሱም መሬት ቆፋሪው ክሪኬት ነው። ይህ ነፍሳት በእርጥብ አፈር ውስጥ ዋሻ እየቆፈረ የሚኖር ሲሆን የፊት እግሮቹ ሰፋፊና ባለ ጥርስ የመቆፈሪያ አካል ሆነዋል። እነዚህን የፊት እግሮች ያየ ሰው በሌላ ነገር ሊሳሳት አይችልም።

አንቴናው ሲያጠራጥር ጆሮውን ፈልጉ። ጆሮ ራስ ላይ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው እንግዳ ይመስላል፤ በእነዚህ ነፍሳት ግን ጆሮው ራሳቸው ላይ የለም። በፌንጣና በአንበጣ ጆሮው በሆዱ የመጀመሪያ ክፍል ጎንና ጎን፣ ክንፉ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው፤ ክንፉን ቀስ አድርጋችሁ ብታነሡ በስስ ሽፋን የተዘጋ ክብ ቀዳዳ ታያላችሁ። በክሪኬትና በደገዛ ወገን ግን ጆሮው ያለው በፊት እግሮች ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ሞላላ ሽፋን፣ በሌሎቹ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ሆኖ ይታያል። በኩብኩባ ደረጃ ጆሮው ገና ስለማይጎላ ይህ ምልክት ለጎልማሶች ነው የሚጠቅመው።

ሦስተኛው ምልክት እኔ ከሁሉ የማምነው ነው፤ እርሱም የእግር ጫፍ ነው። ከቅልጥሙ በታች ያለው፣ ነፍሳቱ የሚረግጥበት ክፍል በትናንሽ አንጓዎች የተሠራ ነው። ፌንጣና አንበጣ ቢበዛ ሦስት አንጓ አላቸው። ክሪኬትም ሦስት አለው። ደገዛና ዘመዶቹ ግን አራት አላቸው። ሦስት ወይስ አራት የሚለው ጥያቄ ክርክር አያስነሣም፤ አንቴናው ቢሰበር፣ ቀለሙ ቢለወጥ፣ ነፍሳቱ ሞቶ ቢደርቅ እንኳ የእግሩ አንጓ ይቆጠራል። ረጅም አንቴና ያለውን ነፍሳት ይዛችሁ ክሪኬት ነው ወይስ የደገዛ ዘመድ ብላችሁ ስትጠራጠሩ መልሱ እዚያው እግሩ ላይ ነው።

ሴቲቱ ከተያዘች ደግሞ አራተኛ ምልክት ይጨመራል፤ እርሱም እንቁላል መጣያዋ ነው። በሴት ፌንጣና በሴት አንበጣ የሆድ ጫፍ ላይ አራት አጫጭር፣ ጠንካራና ጫፋቸው የተቀለሰ ጥርሶች ይታያሉ። ሴቲቱ እነዚህን እየከፈተችና እየዘጋች አፈሩን ትቆፍራለች፤ ሆዷንም እየሳበች ታረዝማለች። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚቀብረው በዚህ መንገድ ነው። የሴት ክሪኬት እንቁላል መጣያ ቀጥ ያለ፣ ቀጭንና ድቡልቡል ሆኖ በሁለት የጭራ ክሮች መካከል ወደ ኋላ ይወጣል። በደገዛ ወገን ግን ከጎኑ የተለጠጠ፣ ብዙ ጊዜም ጎበጥ ያለ ጎራዴ ይመስላል። ይህን ረጅም አካል ያየ ሰው አንዳንዴ «መንደፊያ አለው» ብሎ ይፈራል፤ መንደፊያ አይደለም፤ የሚያገለግለው እንቁላል ለመጣል ብቻ ነው። ወንዶቹ ይህ አካል የላቸውም፤ ስለዚህ «እንቁላል መጣያ ስለሌለው ደገዛ አይደለም» ማለት አይቻልም።

ድምፅም መለያ ነው፤ በተለይ ነፍሳቱን ማየት በማይቻልበት ሌሊት። ፌንጣ በአብዛኛው ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው ድምፅ የሚያሰማው፤ የኋላ ጭኑን ከክንፉ ጋር እየፋተገ ደረቅ የመፋቅ ድምፅ ያወጣል። አንዳንዱም ሲበር ክንፉን ያንጣጣል፤ በዚያን ጊዜ የኋላ ክንፉ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ብልጭ ይልና ሲያርፍ ከእይታ ይጠፋል። ክሪኬትና የደገዛ ወገን ግን ሁለቱን የፊት ክንፎች እርስ በርስ ነው የሚያፋትጉት፤ በአንደኛው ክንፍ ሥር የጥርስ መስመር አለ፣ በሌላኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ የሚፍቀው አካል። ክሪኬት ብዙ ጊዜ ቀኙን ክንፍ ከግራው በላይ ሲያደርግ የደገዛ ወገን ግራውን ከቀኙ በላይ ያደርጋል። የክሪኬት ድምፅ ጥርት ያለ፣ እንደ ፉጨት የሚዘረዘር ነው፤ የሌላው ግን ሻካራ ነው፣ ከፍታውም ብዙ ጊዜ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ልክ ያልፋል። ድምፅ የምትቀዱ ተማሪዎች ይህን እንድታውቁ እፈልጋለሁ፤ የእጅ ስልክ የክሪኬትን ዜማ በሚገባ ይይዛል፣ ከጆሮ በላይ የሆነውን ግን አይዝም፤ ስለዚህ በቅጂው ላይ ድምፅ አለመኖሩ ነፍሳቱ ዝም ማለቱን አያረጋግጥም። የሚጮኸው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ድምፁን ተከትላ ትመጣለች። ሙቀት ሲጨምር ጩኸቱም ይፈጥናል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አሞስ ዶልቤር እ.ኤ.አ. በ1897 የክሪኬትን ጩኸት በመቁጠር የአየሩን ሙቀት ማስላት እንደሚቻል በቀመር አሳይቶ ነበር። ስለዚህ ሁለት ቅጂዎችን ስታነጻጽሩ የሁለቱን ሌሊቶች ሙቀት መመዝገብ አለባችሁ፤ አለዚያ አንዱን ዝርያ በብርድና በሙቀት ሰምታችሁ ሁለት ዝርያ ታደርጉታላችሁ።

አሁን በዚህ ንግግር ውስጥ ከሁሉ አብልጬ ልቆምበት ወደምፈልገው ነፍሳት ደርሻለሁ፤ እርሱም ደገዛ ነው። በሳይንስ ስሙ ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ ይባላል። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ራጅ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ገልጾ ስም ሰጠው። ነፍሳቱ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ በወሎና በአጎራባች ከፍታ ቦታዎች ይኖራል፤ የሚታወቀውም ጤፍን በመብላት ነው። የጤፍ ፍሬ ገና ወተት ሳለ እህሉ ላይ ይወጣና ፍሬውን ይጨርሳል፤ ገለባው ቆሞ ይቀራል። ሩቅ ሆኖ ማሳውን የሚያይ ሰው አዝመራ ያለ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲዳስሰው ግን ራሱ ባዶ ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ ይዘን ስንፈልገው በቀላሉ የማናገኘው፣ ነገር ግን ለአንድ የወሎ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ወሳኝ የሆነ ነፍሳት ስለሆነ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የእኛ ባለሙያዎች ሊያውቁት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ደገዛን ከአንበጣ ኩብኩባ ጋር የሚያምታታው ክንፉ ነው። ጎልማሳው ደገዛ ሆዱን መሸፈን የማይችል አጭር ክንፍ ብቻ ስላለው አይበርም። ክንፈ አጭር ነፍሳት በብዛት ማሳ ውስጥ ሲታይ «ይህ የአንበጣ ኩብኩባ ነው፤ ገና ክንፍ አውጥቶ ይነሣል» የሚል ድንጋጤ ይፈጠራል። አንቴናውን ማየት ይህን ጥርጣሬ ወዲያው ያስወግደዋል። ነገር ግን ሌላም ጥያቄ ይቀራል፤ የያዝነው ደገዛ ጎልማሳ ነው ወይስ ገና የሚያድግ? ይህን ለመመለስ እጅግ የሚጠቅም፣ በመስክ ሥልጠና ላይ ግን ብዙም የማይነገር አንድ ምልክት አለ። በእነዚህ ነፍሳት ሁሉ፣ በአጭሩም በረጅሙም ወገን፣ በመጨረሻዎቹ የልጅነት ደረጃዎች ላይ የክንፍ ቡቃያዎቹ ይገለበጣሉ፤ የኋላው ክንፍ ቡቃያ ከላይ ሆኖ የፊተኛውን ይሸፍናል። ነፍሳቱ የመጨረሻውን ቅርፊት ጥሎ ጎልማሳ ሲሆን የፊት ክንፉ ወደ ላይ ይመለስና የኋላውን ይሸፍናል። እንግዲህ አጭር ክንፍ ያለው ነፍሳት ስትይዙ የትኛው ክንፍ ከላይ እንዳለ እዩ። ከላይ ያለው የፊተኛው ከሆነ ነፍሳቱ እድገቱን ጨርሷል፤ ከዚህ በላይ ክንፉ አይረዝምም። ከላይ ያለው የኋለኛው ከሆነ ገና ልጅ ነው፤ በቀጣዩ ቅርፊት ምን እንደሚሆን መጠበቅ ይገባል። በመነጽር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጊዜያችንን የምንጠቀምበትን መንገድ ግን ይለውጣል።

አለመብረሩ የመከላከሉን ሥራም ይወስናል። በእግሩ የሚሄድ ነፍሳት ወደ ማሳው የሚገባው ከቅርብ፣ ከዳር ካለው ሣርና ቁጥቋጦ ነው፤ ስለዚህ ጥረቱ በማሳው ዳርቻ ላይ፣ ጤፉ ፍሬ ሳይቋጥር በፊት መደረግ አለበት። የአንበጣ መንጋ ግን ነፋስ ተከትሎ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ዛሬ ያልነበረበት ወረዳ ነገ ይሞላል። ለአንዱ የሚዘጋጅ እቅድ ለሌላው አይሆንም። በመድኃኒት ረገድም ልዩነቱ ይቀጥላል። ሜታሪዚየም አክሪደም የተባለው፣ አንበጣን በበሽታ የሚገድለው ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1989 ከተጀመረ ዓለም አቀፍ የምርምር ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በሶማሊያ በሰፊው ተረጭቷል። ንብንና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ስለማይጎዳ እጅግ የተመሰገነ ነው። የማይጎዳውም በተለይ የአጭር አንቴናውን ወገን መርጦ ስለሚያጠቃ ነው። ይህን ፈንገስ ለደገዛ ብሎ ማዘዝ የነፍሳቱን ጎራ ካለማወቅ የሚመጣ ኪሳራ ይሆናል።

በመንጋ መጓዝም ብቻውን አንበጣነትን አያረጋግጥም። በኡጋንዳ ንሴኔኔ የሚባለውና ሕዝቡ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በመብራት እየያዘ ጠብሶ የሚበላው ነፍሳት በመንጋ ይበራል፤ በእንግሊዝኛም በተለምዶ ፌንጣ ይሉታል። አንቴናውን ስታዩ ግን ረጅምና ቀጭን ነው፤ እግሩንም ስትቆጥሩ አራት አንጓ አለው፤ ስለዚህ የደገዛ የሩቅ ዘመድ እንጂ አንበጣ አይደለም። ይህም ነፍሳት በአንድ መንጋ ውስጥ አረንጓዴም ቡናማም ሆኖ ይገኛል።

የያዝነው ነፍሳት ባለ አጭር አንቴና መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ፌንጣ ነው ወይስ አንበጣ የሚለው ይቀጥላል። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት፣ አንበጣ ከፌንጣ የተለየ ሌላ ፍጥረት አለመሆኑ ነው። አንበጦች በመጨናነቅ ጊዜ ጸባያቸውን ለውጠው በመንጋ የሚነሡ ጥቂት የፌንጣ ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ «አንበጣ የሚያደርገው አካል የትኛው ነው» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ የምንጠይቀው «ይህ የበረሃ አንበጣ ዝርያ ነው ወይ» ብለን ነው። ለዚህ ነፍሳቱን በጀርባው አስተኙትና በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል፣ ከአንገቱ ሥር እዩ። በበረሃ አንበጣ እዚያ ቦታ ላይ ድቡልቡል፣ ጫፉ ደንዛዛና ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ያለ አጭር ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ በብዙ ተራ ፌንጣዎች ላይ የለም፤ በፈላሽ አንበጣም ላይ የለም፤ የፈላሽ አንበጣ የደረት ሥር በጸጉር የተሸፈነ ነው። በዛፍ አንበጣ ላይ ግን ዘንጉ አለ፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ማቆም አይገባም። የዛፍ አንበጣ በደረቁ የግራር አገር የሚኖር፣ ቀን በዛፍ ላይ የሚያርፍ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ቋሚ መስመሮች ሊኖራቸው ስለሚችል በዓይን መስመር መለየት አያዋጣም። የሚለያቸው የኋላ ክንፍ ነው፤ ክንፉን በጣታችሁ ስትዘረጉት በዛፍ አንበጣ ላይ ጠቆር ያለ ቀስት መሰል ጥላ ይታያል፣ በበረሃ አንበጣ ላይ ግን ክንፉ ጥርት ያለ ነው። የአንገቱ ሽፋንም በዛፍ አንበጣ መካከሉ ላይ ዝቅተኛ ጉብታ አለው፤ በበረሃ አንበጣ ግን ለስላሳና ጉብታ የሌለው ነው።

በመርዛቸው የታወቁ ፌንጣዎችም አሉ፤ ስለ እነርሱ በአጭሩ ልናገር። በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ ደረቅ አገሮች የጦቢያን ዛፍ የሚበላ ትልቅ ፌንጣ አለ፤ ከተክሉ ወተት ያገኘውን የልብ መርዝ በአካሉ አከማችቶ ሲነካ ይረጨዋል። እንዲህ ያሉት ፌንጣዎች ደማቅ ቀለም አላቸው፣ ቀርፋፋ ናቸው፣ ሲያዩን ለመዝለል አይቸኩሉም። ሕፃናት እንዳይነኳቸው፣ ዶሮም እንዳይበላቸው ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የደረሰውን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሜኩኑና ሉባን የተባሉት አውሎ ነፋሶች በዐረቢያ ባዶ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ፤ ማንም ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ ውስጥ አንበጣው ሳይታይ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ለኢትዮጵያና ለሶማሊያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ነበር። በአገራችን እስከ እ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ ድረስ ብቻ ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ የሰብል መሬት ተጎድቶ ከ350,000 ቶን በላይ እህል እንደጠፋ በጋራ በተካሄደ ግምገማ ተገልጿል። በዚያው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይም በራያና በወሎ የደረሰ ማሽላና ጤፍ በመንጋው ተበልቷል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱም በቀን የራሱን ክብደት ያህል፣ ማለትም ሁለት ግራም ገደማ ይበላል። መንጋ ከሆነ በኋላ ማንም ይለየዋል። እኔ የምለው የዓይናችን ጥቅም ከዚያ በፊት ነው፤ በአፋር፣ በሶማሌ ክልልና በድሬዳዋ ዙሪያ ቆላዎች ለብቻው በሚኖረው፣ አመድማ በሆነው፣ በፌንጣ መካከል ተሰውሮ በሚገኘው ነፍሳት ላይ ነው። እርሱን በደረቱ ዘንግና በኋላ ክንፉ የሚለይ አንድ የቀበሌ ባለሙያ በዚያ አካባቢ መኖሩ ከብዙ በርሜል ኬሚካል ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ናሙና አያያዝ። ለባለሙያ የሚላክ ፎቶ አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፤ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ከላይ ወደ ታች ነው፣ ከላይ ደግሞ የሚለየው ምልክት አይታይም። አንድ ፎቶ ከጎን፣ አንቴናው ሙሉ ሆኖ እስከ ጫፉ እንዲታይ አንሡ። ሁለተኛውን በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን ሥር አንሡ። ሦስተኛው የሆዱ ጫፍ ይሁን፣ አራተኛው የተዘረጋው የኋላ ክንፍ፣ አምስተኛው ደግሞ በቅርበት የተነሣ የኋላ እግሩ ጫፍ ይሁን። ከጎኑ ማስመሪያ ወይም መጠኑ የሚታወቅ ሳንቲም አስቀምጡ። ነፍሳቱን ራሱን የምትልኩ ከሆነ በአልኮል ውስጥ አረንጓዴው ቀለም ቶሎ እንደሚጠፋ እወቁና መልኩን ከመክተታችሁ በፊት ጻፉ፤ የምታደርቁት ከሆነ ሆዱን ቀድዳችሁ ውስጡን አውጡ፣ ካልሆነ ይበሰብሳል፣ ይጠቁራልም። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የተያዘበትን ቀበሌ፣ ቀኑን፣ የቦታውን ከፍታ፣ የነበረበትን ሰብል ወይም ሣር፣ በአንድ እርምጃ ውስጥ ስንት እንደነበሩ፣ ኩብኩባ ወይም ጎልማሳ መሆኑን፣ ቀን ወይም ሌሊት መያዙን ጻፉ። ወረቀቱ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ውስጥ ይታጠባል። ናሙናው ረጅም አንቴና ካለውና ከጤፍ ማሳ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ጤፉ በዚያን ቀን ምን ደረጃ ላይ እንደነበር፣ ወተት ይዞ ወይም ጠንክሮ እንደሆነ፣ ነፍሳቱም ከማሳው ዳር ምን ያህል ርቆ እንደተገኘ ጨምሩበት።